ለቲቸር የተደረገ ዱዓ

መርሳ ከተማ ስድስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች ለብቻ ይዤ አስጠናለሁ። ያቃታቸው ስል ፊደል አይለዩም ማለቴ አይደለም። ፊደሉን ይለያሉ፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ከእኔ ፈጥነው ያነባሉ። ምን እንዳነበቡ ስትጠይቃቸው ግን ጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል ከምንባቡ ፈልገው፣ ቃሉ ያለበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጠው ያቀርቡልሃል። “ገበሬው ለምን ተናደደ?” ካልክ መልሱ “ገበሬው በጣም ተናደደ” ነው። “ገባችሁ?” ስትል ክፍሉ በአንድ ድምፅ “አዎ!” ይላል። ያ “አዎ” ስንት ጊዜ እንዳናደደኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከነዚህ ልጆች መካከል አንዲት ልጅ ነበረች። የሚያሳድጓት አያቷ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብለው ሽንኩርትና ማንጎ የሚያለሙ ገበሬ። ልጅቱ ከትምህርት ቤት በፊት ቁርኣን ስትቀራ ነው ያደገችው፤ ድምፅዋ ያምራል፣ ምንባብ ስታነብ ረባሾቹ ሳይቀሩ ዝም ይላሉ። እኔም በድምፅዋ ተታልዬ ጎበዝ አንባቢ እያልኩ ሳሞግሳት ከረምኩ። አንድ ቀን መጽሐፉን አስከድኜ “እስኪ ያነበብሽውን በራስሽ አባባል ንገሪኝ” አልኳት። ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ዓይኗ የተከደነው መጽሐፍ ላይ ነው።

ቁርኣን ቤት መጀመሪያ ንባቡ ነው የሚቃናው፤ ትርጉሙ ቆይቶ ይመጣል፣ የሚያስተምረውም ሰው አለው። እኛ ትምህርት ቤት ግን ትርጉሙን የሚያስተምራት ሰው ሳናዘጋጅላት፣ በንባቧ እያጨበጨብን ስድስተኛ ክፍል አድርሰናታል። ክፍሉን ስትደግመው ነበር። ዘንድሮ ፈተናውን ካላለፈች ትምህርቱ ይበቃታል፣ ወልድያ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ሱቅ ትጠብቃለች ብለው አያቷ ቆርጠዋል። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ የሌላ ሰው ወሬ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

ወልድያ ለስልጠና የተጠራሁት በዚያው ሰሞን ነው። አሰልጣኟ ጮክ ብሎ ማሰብ የሚሉትን ዘዴ አሳየችን። መምህሩ ራሱ ምንባቡን ያነባል። መሃል ላይ ቆም ብሎ “እዚህ ጋ አልገባኝም” ይላል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ያነባል፣ ራሱን ይጠይቃል፣ ይገምታል። ልጆቹ የሚያነብ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚካሄደውን በጆሯቸው ይሰማሉ። ሻይ ሰዓት ላይ ከጎኔ የተቀመጠ መምህር “እኛ አገር መምህር አልገባኝም ካለ ማን ክፍል ውስጥ ይቀራል?” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሚኒባሱ ሲሪንቃን አልፎ መርሳ እስኪገባ ግን ሳስበው መጣሁ።

በማግስቱ የከሰዓቱ ቡድን ላይ ሞከርኩት። ስለ ንብ የሚያወራ ምንባብ ነበር። ጥቂት አንብቤ ቆምኩና ግንባሬን ይዤ “ቆይ፣ ቆይ፤ ይቺ ዓረፍተ ነገር አልገባችኝም” አልኩ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንዷማ እኔን ላለማየት ጫማዋን ማሰር ጀመረች፤ ጫማዋ ደግሞ ማሰሪያ የሌለው ኮንጎ ነው። ያፈሩት ለእኔ ነበር። እኔ ግን ዘዴው ሲሠራ እንዲህ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ትወናውም ጣመኝ መሰለኝ፣ በየቀኑ “አልገባኝም” እያልኩ ራሴን እያከክሁ ሰነበትኩ።

አንድ ቀን ያቺ ልጅ እጇን አወጣች። እስከዚያ ቀን እጇን ያወጣችው ለሽንት ብቻ ነበር።

“ቲቸር፣ እኔም እሷ ናት ያልገባችኝ” አለች።

ከዚያ ወዲህ በቃ ተከፈተች። እዚህ ጋ አልገባኝም፣ እዚህ ጋ ማን ነው የሚናገረው፣ ይሄ ሰውዬ ቅድም የነበረው ነው ወይ? ወደ ኋላ ተመልሳ ታነባለች፣ ትገምታለች፣ ስትስት ትስቃለች። ዓመታት አስተምሬ አንድ ሰው ማንበብ ሲጀምር ያየሁት ያኔ ነው ማለት እችላለሁ።

ታዲያ አንድ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠራኝ። ስገባ የልጅቱ አያት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር አንድ ፌስታል ማንጎ አለ። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማለች። አያትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ቲቸር፣ እንዳው አይቀየሙን። ልጂቱ ነግራን ነው። ቲቸራችን ያነባል፣ ግና መኻል ላይ ይሰወርበታል፣ አልገባኝም እያለ ራሱን ይይዛል አለችን። አዘንን። ለትልቅ ሰው ልጅ ፊት አልገባኝም ማለት እንዴት ያለ ጭንቅ ነው! ሐሙስ ዱዓ ላይ አንስተንዎታል። አላህ ይግለጥልዎ ብለናል፣ ያለው ሰው ሁሉ አሚን ብሏል። አሁን ደሞ እርስዎ ባሉበት እንድገመው ብለን ነው የመጣን።”

ርዕሰ መምህሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ ከአንገቴ እስከ ጆሮዬ ጋልኩ። “አባቴ፣ እኔኮ እያስመሰልኩ ነው፤ ለማስተማሪያ ነው” ልል አፌን ከፈትኩ። በሩ ላይ ልጅቱን አየኋት። አስመስዬ ነው ካልኩ፣ ክፍሉ ውስጥ የእውነት የማይገባት እሷ ብቻ ልትሆን ነው። አፌን ዘጋሁ። ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ሲዘረጉ እኔም ዘረጋሁ። አላህ ይግለጥልዎ፣ አሚን። ዓይነ ልቡናዎን ይክፈትልዎ፣ አሚን። ከሁሉም ጮክ ያለው አሚን የልጅቱ ነበር።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። መምህራን ማረፊያ ስገባ “ተገለጠልህ ወይ?” ይሉኛል። የባጃጅ ሾፌሩ ሳይቀር “ቲቸር፣ ዱዓው ያዘ?” አለኝ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩ ሰው ነኝ እያልኩ ውስጥ ውስጡን እበግናለሁ። ደግሞ ልደብቅ አልችልም፣ በዚያው መጠን እኮራ ነበር። ለአንዲት ልጅ ስል ክብሬን የሰጠሁ ሰው አድርጌ ራሴን አየሁት። አሁን ሳስበው ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ያ ኩራት ነው።

ፈተናው ሲቃረብ ርዕሰ መምህሩ ማስተማሬን ሊገመግም ገባና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የከሰዓቱ ቡድን ሳይሆን ሙሉ ክፍሉ ነበር። ምንባቡ ስለ ሁለት ጎረቤታሞች ነው። አንደኛው የሌላውን ድንበር ገፍቶ ሲጣሉ ኖሩ። ተበዳዩ ሲሞት የገፋው ሰውዬ ለቀብር መጣና ከልጆቹ በላይ አለቀሰ። በክረምቱ እንደ ወትሮው የገፋውን መሬት አረሰ። ምንባቡ እዚህ ጋ ያልቃል። “ሰውዬው ለምን አለቀሰ?” የሚል ጥያቄ አለው፤ የመምህሩ መምሪያ መልሱን “ስለተጸጸተ” ይላል። እኔም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት።

ልጅቱ እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ አልገባኝም። ከተጸጸተ መሬቱን ለልጆቹ ለምን አልመለሰላቸውም? ካልተጸጸተስ ያን ያህል ምን አስለቀሰው?”

ክፍሉ ወደ እኔ ዞረ። መልሱን አላውቀውም ነበር። ምንባቡን ለስንት ዓመት ሳስተምረው ይሄ ጥያቄ መጥቶብኝ አያውቅም። አሁንም አላውቀውም። ያን ሁሉ ጊዜ ግንባሬን ይዤ ስለው የከረምኩት “አልገባኝም” ሲያስፈልገኝ ከጉሮሮዬ አልወጣም። ያኛው ውሸት ስለነበር ቀሎኝ ነበር። የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ያኛውን ማስመሰል መሆኑን ያውቃል፤ ይሄኛው እውነት መሆኑንም ያውቅብኛል።

“የምንባቡ ዋና ሐሳብ የይቅርታ ጥቅም ነው” አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። “ጸሐፊው ሊያስተላልፍ የፈለገው እሱን ነው። ደግሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ ፈተና ላይ አይመጣም። ገባሽ?”

አየችኝ። ምን እንዳየች አውቃለሁ፤ ጭንቅላት ውስጥ የሚካሄደውን እንድታይ ያስተማርኳት እኔ ነኛ።

“ገባኝ ቲቸር” ብላ ተቀመጠች።

ርዕሰ መምህሩ ጥሩ ውጤት ሰጠኝ፤ ክፍሉን በራስ መተማመን ይመራል ብሎ ጻፈልኝ። በማግስቱ ክፍል ስገባ እውነቱን ልነግራት አስቤ ነበር። አልነገርኳትም። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው። እጇን ማውጣት ተወች፤ ስጠይቃት ከምንባቡ ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር መርጣ ትመልሳለች፣ ማንበቡን ችላዋለች። ፈተናውንም አለፈች። ሰባተኛ ክፍል ገባች፣ ወልድያ መሄዱ ቀረ።

በክረምቱ መርሳ ገበያ ላይ ልጅቱን ከአያቷ ጋር ማንጎ ሲሸጡ አገኘኋቸው። አያትየው ሲያዩኝ ተነስተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

“አልሐምዱሊላህ!” አሉ። “ልጂቱ ነገረችን። ቲቸራችን አሁን ሁሉን ነገር ያውቃል፣ የማይገባው የለም አለችን። ዱዓችን ደረሰ፣ አይደለም እንዴ?”

ልጅቱ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ማንጎ እየወለወለች ትደረድራለች። ለእኔ አፍራ፣ ገመናዬን ሸፍናልኛለች።

“አዎ፣ ደረሰ” አልኳቸው። ልጅቱ ቀና ብላ አላየችኝም።