የአባቴ ወንበር

ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት ሽማግሌዎች ነበሯት፤ ማንም አልመረጣቸውም። ጉባኤው ገና እዚህ ስደት አገር በሰው ምድር ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ፣ ሲጸልይ የነበሩ ስለሆኑ ብቻ ተቀምጠው ቀሩ። አንዱ ሲሞት የቀሩት ተተኪውን ይሰይማሉ። እኔ "ሕግ መወሰኛው" እላቸው ነበር፤ በጃንሆይ ጊዜ ሕዝብ ሳይመርጠው ንጉሡ የሚሾሙት የላይኛው ምክር ቤት እንዲያ ይባል ነበርና። አባቴ በዚህ ቀልድ አይስቅም ነበር። ከሰባቱ አንዱ እሱ ነው።

ሥልጣናቸው የትም አልተጻፈም። እኛ የመረጥነው ኮሚቴ የወሰነው ማንኛውም ነገር ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነስቶ "በልቤ ሰላም የለኝም" ካለ አበቃ። ከሰው ልብ ጋር ማን ይከራከራል? ዎርዝንግተን የሚባል ሰፈር ያገኘነው ሰፊ አዳራሽ ያመለጠን በዚችው ቃል ነው።

የኮሮና ክትባት መጥቶ ካናል ዊንቸስተር ያለው አዳራሻችን እንደገና በተከፈተ ሰሞን የኮሚቴው ሰብሳቢ ባለቤቴ ነበር። የሽማግሌዎቹ ወንበር በምርጫ ይሁን አለ፤ አባላቱ እጃቸውን አወጡለት። ከዚያ ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ማስኩን እንኳ ሳያወርድ በልቤ ሰላም የለኝም አለ።

ባለቤቴ ፊቱ ሄዶ ቆመ። "ጋሼ፣ እኛን ሰላም የነሳን እኮ ይኼው ልብዎ ነው።"

"ልጄን ስትጠይቀኝ እሺ ያለህም ይኼው ልብ ነው" አለው አባቴ።

ባለቤቴ በቡጢ አፉን መታው። ነጩ ማስክ ከውስጥ ቀላ። አንድ ሽማግሌ የማይክ መቆሚያውን አንስቶ ባለቤቴ ትከሻ ላይ አወረደበት፤ ወንበር ተወረወረ፤ በኢየሱስ ስም እያሉ ፀጉር የሚጓተቱም ነበሩ። አንዷ በሩን ዘግታ ፖሊስ ኮል እንዳናደርግ ትለምናለች። ባለቤቴን ከኋላ አንቄ ስጎትተው በክርኑ ደረቴን መታኝ። አባቴ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ጥርሱን ይፈልግ ነበር።

ለሐኪሙ ደረጃ ላይ ወደቅኩ አለ። ባለቤቴ እግሩ ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀው፤ እሱም ይቅር አለ። እኔ ግን አልጋ ለየሁ። አባቴ ከዚያ ወዲያ ሰው ፊት መናገር ስላፈረ ወንበሩን ለቀቀ። ስድስቱም ተሰብስበው፣ ለሰላም ሲባል፣ ወንበሩን ለባለቤቴ ሰጡት። አይቀበልም ብዬ ነበር። ሱፉን ለብሶ ሄዶ ተቀመጠበት።

በዓመቱ አዲሱ ኮሚቴ ያንኑ ሐሳብ አመጣ፤ ሽማግሌዎቹ ይመረጡ። አባላቱ እንደገና እጃቸውን አወጡ። እኔና አባቴ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ባለቤቴ ከአባቴ ወንበር ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

"በልቤ ሰላም የለኝም።"

መነሳቴን ያወቅሁት አባቴ እጄን ሲይዘኝ ነው። ተይው ልጄ፣ አለኝ፤ ቃሉ ጥርሱ በጎደለበት በኩል ሾልኮ ወጣ። እጄ ተጨብጦ ነበር። ሰው መምታት እንዲህ ሊያምረኝ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

"ልቀቀኝ" አልኩት አባቴን።