አርዲስ የሰበረችው ጎድን

አርዲስ ክሮግስታድ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ አዳራሽ አርብ አርብ ዓሣ መጥበስ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከአዳራሹ ሊቀመንበር ከመርል ጋር ግን ዓይንና ናጫ ናቸው። ሰውዬው እንኳን ዓሣዋን፣ የድስቷን ክዳን ሳይተች አያልፍም!

ጠቡ የባሰው ቀጥ ያለ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ መሣሪያ ለአዳራሹ ከተገዛ ወዲህ ነው። መሣሪያው ራሱ እየተናገረ ስለሚመራ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። መርል ግን «ያልሠለጠነ ሰው ነካክቶት እንከሰሳለን» ብሎ ዋንጫ ከሚደረደርበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። አርዲስ በስብሰባ መሃል ብድግ ብላ፣ «የግዛቱ ሕግ እኮ ሠለጠነም አልሠለጠነም በቅንነት የረዳ ሰው አይጠየቅም ይላል፣ አንተ ደንቆሮ! የራስህ ልብ ቀጥ ይበልና እናያለን!» አለችው። አርባ ሰው ሰማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አርብ፣ መርል አዳራሹ ውስጥ ዓሣ እየበላ ሳለ ልቡ ቀጥ ብሎ ከነሳህኑ ተዘረረ። ሰው ሁሉ ቁልፍ ፍለጋ ሲራወጥ፣ አርዲስ ሣጥኑን በመጥበሻ አደቀቀችው። ደረቱን በሙሉ ክብደቷ ስትጫን ሦስት የጎድን አጥንቱ ተሰበረ፤ መሣሪያው እንዳዘዛትም አደረገች። የሰውዬው ልብ ተመለሰ።

ምስጋና? ወይ ምስጋና! ከወር በኋላ መርል ከልጁ ከድዌይን ጋር ዓሣ ስትጠብስ ወጥ ቤቷ ድረስ መጣ።

«ጠበቃ አማክረናል» አለ ድዌይን። «ሕጉ ሆን ብሎ ለጎዳ ሰው ከለላ አይሰጥም። ልቡ ቀጥ ይበል ማለትሽን አርባ ሰው ይመሰክራል። ጎድኑን በጥላቻ ነው የሰበርሽው። ቤትሽን ሸጠሽ ትከፍያለሽ!»

ለአርዲስ ከሟች ባሏ የቀራት ያቺው ቤት ናት። ፍርድ ቤት ቢያስምሏት ደግሞ መጥላቷን እንዴት ትክዳለች?

«እጠላዋለሁ» አለች ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «አሁንም እጠላዋለሁ።»

«ሰማህ አባዬ?»

«ሰማሁ» አለ መርል ደረቱን ደግፎ። «ይህቺ ሴትዮ እንደምትጠላኝ ውሻዬም ያውቃል። ለዚህ ነው ፍርድ ቤት የማልሄደው። ልትገድለኝ ብትፈልግ ምን አደከማት? እኔ ተዘርሬ ሳለሁ ዝም ብላ ዓሣዋን አትጠብስም ነበር?»

ድዌይን አፉን ከፈተ።

«ዝጋው!» አለው አባቱ። ወደ አርዲስም ዞሮ፣ «አንቺም አታልቅሺ፣ ዘይቱ ላይ ይንጠባጠባል» አላት።

«ውጣልኝ ከወጥ ቤቴ!» አለች አርዲስ።