ያልታሰረችው ውሻ

ውሻዋን ከመጠለያው ስረከብ፣ እንስሳቱን የምትንከባከበው ሴት አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ነገረችኝ። «እንዳታስራት። የፈለገ ነገር ቢመጣ እንዳታስራት።» የውሻዋን የአንገት ፀጉር በጣቷ ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ከጆሮዋ ሥር ጀምሮ ዙሪያውን ፀጉር የማይበቅልበት፣ እንደ ደረቀ ማስቲሽ የሚያብለጨልጭ ቀጭን ጠባሳ አለ። ቡችላ ሳለች የታሰረችበትን ሽቦ ማንም ሳያላላላት አደገች፤ ሽቦውም ሥጋዋ ውስጥ ገባ። «የምትታሰር ከሆነ መልሼ እወስዳታለሁ» አለች ሴትየዋ።

እሺ አልኩ።

ችግሩ የኛ ግቢ ነበር። ኮልፌ ውስጥ ውሻ የሚያዝበት መንገድ አንድ ነው፤ ቀን በር ጥግ ይታሰራል፣ ማታ በሩ ሲዘጋ ይፈታል። አከራያችንን እማማ ነው የምንላቸው። ቧንቧው ለሁላችንም አንድ ነው፤ እሳቸውም ለሶላት የሚታጠቡት፣ ውዱእ የሚያደርጉት እዚያው፣ አጭር ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ በአረንጓዴ ፕላስቲክ ጆግ ነው። የውሻ አፍ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ካልታጠበ ለእሳቸው ንጹሕ አይሆንም። ውሻ ላምጣ ብዬ ስጠይቃቸው ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ «ለሌባ ይሆናል» አሉ። «ቀን ታስራታለህ። ቧንቧው ጋ እንዳትደርስ።» ዝም ስል እሺ ያልኩ መሰላቸው፤ እንደዚያ እንደመሰላቸውም ገብቶኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ሳስገባት፣ ሚኒባስ የሚነዳው ጎረቤቴ በር ላይ የመኪናውን ምንጣፍ ያጥባል።

«ብሮ፣ እኛ ሚስት ታመጣለህ ብለን ስንጠብቅ!»

እማማ ከበረንዳቸው አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ናት፣ እማማ።»

«ሴት! ግቢውን በቡችላ ልትሞላው ነዋ!»

«አትወልድም። ኦፕራሲዮን ተደርጋለች።»

ጎረቤቴ ምንጣፉን ጣለው። «ውሻ ኦፕራሲዮን? እኔ እናቴን ለማሳከም ስንት ወረፋ ጠብቄ!»

እማማ አልሳቁም። «ገመዷስ?»

«እስክትለምድ ክፍሌ ትቆይ ብዬ ነው።»

«የምትተኛበት ክፍል?» ቆም ብለው ውሻዋን አዩዋት። እግሬ መሀል ገብታ ትንቀጠቀጣለች። «እስከ ጁምዓ። ከዚያ ወይ ትታሰራለች፣ ወይ ትሄዳለች።»

ክፍሌ ከኋላ ያለችው የቆርቆሮ ሰርቪስ ናት። አልጋ፣ ስልክ የምጠግንበት ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። ውሻዋ አልጋው ሥር፣ ግድግዳው ጋ ተለጥፋ ቀረች። ፊቴን ሳዞር ትበላለች፤ ወንበሩ ከተንቋቋ ግማሹን ትታ ትመለሳለች። የጎረቤቴ ሚኒባስ በር በተዘጋ ቁጥር ጥፍሮቿ ሲሚንቶውን ሲቧጥጡ እሰማለሁ። ማክሰኞ ምናልባት ለስላሳ ማሰሪያ ብትለምድ ብዬ አሮጌ የአንገት ልብስ በቁመቱ ቀድጄ መሬት ላይ አኖርኩት፤ አልነካኋትም። አየችውና ባለችበት ሸናች። ጨርቁን አውጥቼ ጣልኩት፤ ወለሉን አጠብኩ። ሁለተኛ አልሞከርኩም።

የእጅ ሙያዬን ሁሉ የተማርኩት ቪዲዮ እያየሁ ስለሆነ ይህንንም እንደዚያው ልማር ተቀመጥኩ። አንዱ ቪዲዮ ላይ ሰውየው፣ ቤት ውስጥ እንዳትሸና ስትወጡ የውሃ ሳህኑን አንሱ ይላል። ሐሙስ ጠዋት ለስልክ መስታወት ወደ ጦር ኃይሎች ስወጣ ልክ እንደተባለው አነሳሁት። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ዕቃው ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው አዞረኝ፤ ስመለስ ታክሲው መንገድ ተዘግቶበት ቆመ። ፀሐዩ የመኪናውን ጣሪያ ሲያግለው የኔ ቆርቆሮ ትዝ አላለኝም። ይታየኝ የነበረው የክፍሌ በር መቀርቀሪያ ነበር። አንደኛው ቡሎኑ ላልቷል።

የግቢውን በር ስከፍት የቀትሩ፣ የዙሁር አዛን ይሰማል። እማማ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው ቆመዋል። ዱካው ተገልብጧል። ውሻዋ አፍንጫዋን እስከ ዓይኗ ድረስ አረንጓዴው ጆግ ውስጥ ከትታ ትጠጣለች። ጎረቤቴ መጥረጊያ አንስቷል።

«አትምታት!» አሉት እማማ።

«ጆግዎ ውስጥ ገብታ እኮ ነው!»

«አየሁ። ዓይን አለኝ። ተዋት፣ ትጨርስ።» ወደኔ ዞሩ። «ቤት ውስጥ ውሃ የላትም?»

«አንስቼው ነው።»

«ለምን?»

«እንዳትሸና።»

«ከጠዋት ጀምሮ? በዚህ ፀሐይ፣ በቆርቆሮ ቤት?»

«ቪዲዮ ላይ እንደዚያ ነው የሚሉት…»

«እስቲ ቪዲዮውን ዘግተህበት ውጣ፣ ይጠማው እንደሆነ!»

ጎረቤቴ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። ውሻዋ ጨርሳ ወደኋላ አፈገፈገች፤ ከአገጯ ውሃ ይንጠባጠባል። አልሮጠችም።

«በል፣ እጠበው» አሉኝ ጆጉን እያሳዩ። «አፈሩን ከኮኩ ዛፍ ሥር አምጣ። ከላይ ያለውን አይደለም፣ ቆፈር አድርገህ።»

አመጣሁ። አፈሩን በውሃ ለውሼ ከንፈሩን፣ እጀታውን፣ የእጀታውን ውስጥ ሳይቀር አሸሁት። እሳቸው ከላዬ ቆመው ይቆጥራሉ። ሁለት። ሦስት። በየመሀሉ «ከታችም» ይላሉ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን እጄ እየዘገየ ሄደ፤ ሰባተኛውን ስደፋ ምን እንደሚሉኝ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ስደፋው ግን ከቤት ሌላ ዕቃ አስመጥተው ታጠቡና ሊሰግዱ ገቡ።

ቧንቧው ጋ ቀረን። ውሻዋ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች።

«ገመድ ላምጣልህ?» አለ ጎረቤቴ ቀስ ብሎ። «ነገ ጁምዓ ነው እኮ። ዛሬ ታስራ ካዩዋት ይለሳለሳሉ።»

«አይሆንም!»

ድምፄ ከፍ ብሎ ስለወጣ ሁለታችንም ደነገጥን።

እማማ ሲወጡ ቀድሜ ተናገርኩ። «እማማ፣ አላስራትም። ቃል ገብቼ ነው ያመጣኋት። ነገ ራሴ እመልሳታለሁ።»

«ለማን ነው ቃል የገባኸው?»

ተንበረከክሁና ጠራኋት። መሬቱን እያሸተተች መጣች። ፀጉሯን ስገልጥ መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ቆመችልኝ። እማማ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ጎንበስ አሉ። ሳይነኳት ጠባሳውን ዙሪያውን አዩት።

«ይሄን ማነው ያደረጋት?»

«አላውቅም።»

«ያኔ ስትጠይቀኝ ለምን አልነገርከኝም?»

«አይሆንም እንዳይሉኝ ፈርቼ።»

«አሁንስ ብል?»

ቀና ብለው ከክፍሌ ኋላ፣ በግድግዳውና በጎረቤት ግቢ አጥር መካከል ያለውን ጠባብ ቦታ አዩ። የጉልቻ ድንጋይና አሮጌ ቆርቆሮ ተከምሮበታል።

«ያንን ጥረገው። ከፊት በቆርቆሮ ዝጋ፣ በሩን ወደ ክፍልህ አድርገው። አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ካየኋት ግን አብራችሁ ነው የምትወጡት።»

«እሺ፣ እማማ።»

«ነገ ከጁምዓ ስመለስ አየዋለሁ።»

ቀኑ እስኪመሽ ድንጋዩን አወጣሁ፤ በማግስቱ ጠዋት አጣናዎች አምጥቼ ተከልኩ። የመጀመሪያውን ሚስማር ስመታ ውሻዋ አልጋው ሥር ገብታ አለቀሰች። መዶሻውን አስቀመጥኩ። ቆርቆሮውን በትንሹ መሰርሰሪያዬ እየበሳሁ በሽቦ ማሰር ጀመርኩ፤ ሦስት እጥፍ ጊዜ ወሰደ። ጎረቤቴ ሥራ ከመውጣቱ በፊት እንጨቱን ያዘልኝ። «የሰው ቤት እንኳ እንዲህ አይሠራም» እያለ ያጉረመርማል።

እማማ ከመስጊድ እንደመጡ ቤት ሳይገቡ ወደ አጥሩ ሄዱ። እያንዳንዱን አጣና በመዳፋቸው ገፉት። አልተነቃነቀም። ውሻዋ በወዲያኛው በኩል፣ በቆርቆሮው ስንጥቅ ታየናለች። ጥጉ ጋ ሲደርሱ ቆሙና በጫማቸው ጫፍ ከመሬቱ በላይ የቀረውን ክፍተት አሳዩኝ።

«በዚህ ትወጣለች» አሉ።

አንዱን የጉልቻ ድንጋይ አንከባልዬ አመጣሁ። እስክገጥመው ድረስ ቆመው ጠበቁኝ።