ከበሩ ያልተነቃነቀችው ቀስተኛ

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ሆዮ ሳህራ ከሞባይል መጠገኛ ጠረጴዛዬ ፊት መጥታ ተቀመጠች። «ሆዮ» በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። የወለደችኝ ባትሆንም ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ የምጠራት እንዲሁ ነው። የሻርፗን ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ አንዲት ትንሽ ባለቁልፍ ስልክ አወጣች። ባትሪዋ አብጦ የጀርባ ክዳኗን ገፍቶታል።

«ባትሪ ቀይርላት ልጄ። ግን ጠፍታ እንዳትቆይ።»

ባትሪ መቀየር የደቂቃ ሥራ ነበር፤ ያበጠው ግን የመገናኛ ጥርሶቿን አጣሟቸዋል። «አሥር ደቂቃ ነው ሆዮ» አልኳት።

«እኔ ደግሞ እቆጥራለሁ» አለችና ዓይኗን ከግድግዳው ሰዓት ላይ ተከለች።

ይህች ስልክ ለምን እንደማትጠፋ ከቤተሰቡ ውጭ የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ጥርሶቿን በመርፌ እያቃናሁ ሳለ ሐሳቤ ወደ 2011 ሄደ፤ ወደ አንድ ጌምና ወደ አንድ ውሸቴ።

ያን ጊዜ ጅግጅጋ ውስጥ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ጀርባ ዴቃ የምትባል ሴት ጌም ቤት ነበራት። አራት ቴሌቪዥን፣ ስምንት ጆይስቲክ፣ በሩ ላይ ደግሞ አቧራ እንዲያግድ የተሰቀለ አሮጌ ብርድ ልብስ። ሦስቱ ቴሌቪዥኖች ላይ ቀኑን ሙሉ ኳስ ነው። አራተኛው ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ስለሚያደላ ማንም አይፈልገውም፤ እሱ የእኔና የማሃድ ነበር። ማሃድ የሆዮ ሳህራ ሁለተኛ ልጅ ነው። እኔ ከወሎ ተመድበው የመጡ መምህራን ልጅ ነኝ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን በአንድ ወንበር ነው የተማርነው። ጣቱ ፈጣን ስለሆነ የሚጫወተው እሱ ነበር። እኔ ከኪሴ ከማትለየው መዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ የሚወጣውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ እመልስለታለሁ።

«እናንተ ሁለት!» ትለን ነበር ዴቃ። «ማንበብ ከሆነ ያማራችሁ ቤተ መጻሕፍት ሂዱ። ጆይስቲኬ እኮ ሥራ ፈታ!»

የጌሙ ተከታታይ እኛ ከመወለዳችን በፊት የተጀመረ ነው። የሌሎች ጌሞችን ጀግኖች ሰብስቦ አንድ ታሪክ ውስጥ ያስገባል። ጦረኛው ከአንዱ፣ ጠንቋዩ ከሌላው ይመጣል፤ አንደኛውማ ከመኪና እሽቅድምድም የመጣ ነበር፤ በሰይፈኞች መሃል ሄልሜቱን አድርጎ ይቆማል። በዓለሞቻቸው መካከል ያለው ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ የማይተዋወቁት ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለመዋጋት ይገደዳሉ። ኋላ ላይ ስለ ተከታታዩ የተጻፈውን ሳነብ፣ ታሪኩ ጀግኖቹን ለማገናኘት ያህል ብቻ የተለጠፈ ነው የሚሉ ብዙዎች አገኘሁ። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ግን በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሦስት ቋንቋ እየሰማ ላደገ የጅግጅጋ ልጅ፣ ከየትም ከየትም የመጡ ሰዎች በአንድ ሰልፍ መቆማቸው ብርቅ አልነበረም። ብርቅ የሆነብን ጌሙ በዚህ መደነቁ ነው።

የማሃድ ልብ የቀረው ባለግራጫ ካባ በሆነው ሰው ላይ ነበር። ከሌላ ጌም የመጣ አይደለም፤ ለዚህ ተከታታይ ብቻ የተፈጠረ ነው። በመጀመሪያው ጌም መጨረሻ ላይ ዓለማቱን የሚበላው በር አልዘጋ ሲል፣ እሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ከወዲያ በኩል ይዘጋዋል። ሦስተኛው ጌም ሲከፈት የጀግኖቹ ሥዕሎች በሃያ አራት ካሬ ተደርድረው ይታያሉ። አንደኛው ካሬ ጥቁር ነው። ሌሎቹ ሲነኩ ድምፅ ያሰማሉ፤ እሱ ዝም ነው። ለምን እንደሆነ የሚነግረው ሁለተኛው ጌም የወጣው በእጅ ለሚያዝ ማጫወቻ ብቻ ስለነበር፣ ዴቃ ጋ አልነበረም፤ ጅግጅጋ ውስጥ ያየሁትም ሰው የለም።

«ዋርያ ዲክሽነሪ» ይለኛል ማሃድ፤ «ዋርያ» አንተ ልጅ እንደ ማለት ነው፤ ዲክሽነሪ ደግሞ ያወጣልኝ ስም። «መሃል ላይ ምን ሆነ?»

ለምን እንደሚጠይቅ አውቅ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ሊባን ከዓመት በፊት ተሀሪብ ወጥቷል። ያለ ወረቀት በረሃና ባሕር አቋርጦ የሚኬደውን መንገድ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚሉት። በድንበር ከተማዋ በቶጎ ውጫሌ አድርጎ ወጣ፤ ሦስት ጊዜ ደወለ። በሦስተኛው «ደህና ነኝ፤ ይህቺን ቁጥር እንዳትለውጧት» አለና መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። የደወለባትን ስልክ ማሃድ ይዟት ይውላል፤ ይዟት ያድራል።

በጅላል መጨረሻ፣ ምድሩ ሁሉ ደርቆ ዝናቡ በሚጠበቅበት ወቅት፣ ማሃድ የጌሙን ታሪክ ለቤተሰቡ እንድነግር ወደ ቤታቸው ወሰደኝ። አያቱ ዓይናቸውን ለመታከም ከደገሀቡር መጥተው አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም አዎዌ ይሏቸዋል፤ አያቴ እንደ ማለት ነው። የድሮ ሰዎችን ግጥም በቃላቸው በመያዝ የታወቁ ናቸው። ሆዮ ሳህራ ላሆህ የሚባለውን ስስ ቂጣ በቅቤና በስኳር አቀረበች፤ የግመል ወተት ያለበት ሻይ ከፔርሙዝ ትቀዳለች።

አዎዌ በማሃድ በኩል እንዲህ አሉኝ፦ «ግጥም የሚይዝ ሰው ሁለት ሕግ አለው። የማን እንደሆነ አስቀድሞ ይናገራል። የማያውቀው ስንኝ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል እንጂ ከራሱ አይሞላም። አንተስ?»

«እኔም እንዲሁ ነኝ» አልኩ።

ተናገርኩ፤ ማሃድ ወደ ሶማሊኛ መለሰ። ካባ ለባሹ በሩን ከውስጥ ሲዘጋ የሆዮ ሳህራ እጅ ፔርሙዙ ላይ ቆመ። ማሃድን ሳትጠብቅ፣ በራሷ አማርኛ ጠየቀችኝ።

«ተመለሰ?»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። ነገር ግን በዚያ ቤት የተከበርኩት በማወቄ ነው፤ ደግሞም ፊቷን አየሁት።

«ተመለሰ» አልኩ።

ጠንቃቃ ሰው ሲዋሽ ውሸቱም ጥንቁቅ ይሆናል። ጥቁሩን ካሬ አልረሳሁትም። «ጥንዱ የነበረችው ቀስተኛ ከበሩ ሥር አልተነቃነቀችም» አልኩ። «ጓደኞቿ እንሂድ ቢሏት እምቢ አለች። በሰባተኛው ወር በሩ ከውስጥ ተንኳኳ። እሷ ሄዳ ቢሆን ኖሮ የሚከፍትለት አልነበረም። ሦስተኛው ላይ ያልተሰለፈው ስለደከመ ነው።»

አዎዌ ባልታሰረው ዓይናቸው ትክ ብለው አዩኝ። «ይህን ከማን ሰማህ?»

«አንብቤ ነው።»

ዓይናቸውን ወደ ሻያቸው መለሱ።

በዚያው ዓመት ፈተና ወሰድን፤ ውጤት መጣ። ማሃድ ሰሜን ካለ ዩኒቨርሲቲ ተመደበ። መግቢያው ቀን ሲደርስ መናኸሪያ አብሬው ልሄድ ቤቱ ብደርስ ሻንጣውን እንኳ አላወጣም። ኔትወርክ እዚያ ይቆራረጣል አለኝ። እናቱ መልእክት ማንበብ አትችልም አለኝ። ከዚያ ስልኳን በመዳፉ እያገላበጠ፣ የራሴን ቃል አንድም ሳያጎድል መለሰልኝ፦

«እሷ ሄዳ ቢሆን ኖሮ የሚከፍትለት አልነበረም።»

በአያቱ ወጥቷል፤ የሰማውን አይረሳም። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጅምላ ማከፋፈያ የስኳር ጆንያ ተሸከመ። ባየሁት ቁጥር ስልኳ በሸሚዝ ኪሱ ውስጥ፣ በትንሽ ላስቲክ ተጠቅልላ ነበረች።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት እንግሊዝኛዬ ተሻሻለ። የሁለተኛውን ጌም ጽሑፍ በሙሉ አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ገልብጦ አስቀምጦት አገኘሁ። ሦስት ቀን አነበብኩት፤ የተሳሳትኩ እንደሆነ ብዬ እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ማከፋፈያው በር ላይ ጠብቄ ለማሃድ ሁሉንም ነገርኩት። ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም። እጁ ላይ የቀረውን የስኳር ብናኝ ሱሪው ላይ አራገፈ።

«የነገርከው ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ለእናቴ ነው» አለኝ። «ሄደህ ንገራት። አዎዌ ባሉበት።»

እሷ ያን ሰሞን አባቷ ዘንድ ደገሀቡር ነበረች። በሚኒባስ ሄድን። ዝናቡ ጥሎ ሜዳው አጭር ሣር አብቅሏል፤ ግመሎች ቀና ሳይሉ ይግጣሉ። ማሃድ መንገዱን ሁሉ ስልኳን ከመስኮቱ መስታወት ላይ አስጠግቶ ያዛት። «ጠፋ» ይላል፤ ቆይቶ «መጣ» ይላል። እስክንደርስ የሰማሁት ሌላ ቃል የለም።

አዎዌ ከቤቱ ጥላ ሥር ነበሩ። በሆዮ ሳህራ ፊት ዋሽቼ እንደነበር ተናገርኩ። ማሃድ ተረጎመ።

«እንደገና ተናገር» አሉ አዎዌ። «የማን እንደሆነ ቀድመህ።»

«ታሪኩ ጌሙን የሠሩት ሰዎች ነው፤ እኔ ያነበብኩት ነው» አልኩ። «ቀስተኛዋ ከበሩ ሥር ብዙ ቀን ጠበቀች። በሌላ በኩል ያሉት ዓለማት ይቃጠሉ ነበር። ጓደኞቿ መጥተው እንድትነሣ ለመኗት። የቀስቷን ገመድ ፈትታ በሩ ላይ አሰረች፤ ተነሥታም አብራቸው ሄደች። የእሱን ድርሻ ተራ በተራ ተዋጉለት።»

«እሱስ?» አለች ሆዮ ሳህራ።

እዚያ ጋ ዝም አልኩ።

«ሞተ ይላል?»

«አይልም።»

«ተመለሰ ይላል?»

«አይልም፣ ሆዮ።»

ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣች። ማሃድን፣ ትከሻውን፣ የጆንያ ገመድ የላጠውን አንገቱን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ሰው አየችው። እጇን ዘረጋች።

«ስልኳን አምጣ።»

«ሆዮ፣ ማንበብ አትችዪም። እንግዳ ሰው ቢደውልስ?»

«የልጄን ድምፅ እኔ ካላወቅኩ ማን ሊያውቅ ነው?» አለች። «ከበሩ ሥር እኔ እቀመጣለሁ። እናት ነኝ፤ ሥራዬ ነው። አንተ ተነሣ።»

ማሃድ ስልኳን ከላስቲኳ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረ፤ ባዶዋን ላስቲክ ግን አጣጥፎ ወደ ኪሱ መለሳት። አረንጓዴውን ቁልፍ ያሳየኋት እኔ ነኝ፤ ስልኳ በጣም እንድትጮህ አድርጌ አስተካከልኩላት።

ማሃድ የእንስሳት ጤና ተምሮ ዛሬ አፍደም ከተማ ይሠራል። ሲመጣ ይጎበኘኛል፤ እንስቃለን፤ ዲክሽነሪ ማለቱን ግን ተወ፤ ስሜን ነው የሚጠራኝ። ስለ ሁለቱ ዓመታት አንሥቶ አያውቅም፤ እኔም ይቅር ብሎኛል ብዬ ከራሴ አልሞላም። አዎዌ አርፈዋል።

ጠረጴዛዬ ላይ ስልኳ በራች። የኔትወርኩ መስመሮች አንድ በአንድ እስኪቆሙ ሁለታችንም ጠበቅን።

«አሥራ አንድ ደቂቃ» አለች ሆዮ። «አንዷን ጨመርክ።»

ከአጠገቤ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሊወጣ ነው የተባለው አዲሱ የተከታታዩ ጌም ሥዕል ተከፍቶ ነበር። ካሬዎቹ ዛሬ ስልሳ ደርሰዋል። በጣቷ አንደኛውን፣ ጥቁሩን አመለከተች።

«የዚያ ልጅ ነው?»

«የእሱ ቦታ ነው።»

«እዚህኛው ላይ ይመለሳል?»

«አላውቅም፣ ሆዮ» አልኳት። ይህች ቃል ዛሬም አትቀለኝም፤ ግን ከአፌ ትወጣለች።

ራሷን ነቀነቀች። «በል ደውልባት። እንደምትጮህ ልስማ።»

በፊቷ ቁጥሯን መታሁ። የምደውለው እኔ መሆኔን እያየች ነው። ስልኳ ስትጮህ ግን ፊቷን ከእኔ ወደ መንገዱ አዞረች፤ አረንጓዴውን ተጭና ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«ሃሎ?» አለች፤ ጸጥ ብላም ጠበቀች።

«እኔ ነኝ፣ ሆዮ» አልኳት አንድ ሜትር ላይ ሆኜ።