አጎቴ የመጤው ናቸው ወይስ የባላባቱ?

ዛሬ አገራችን ሙጃ ላይ፣ ሽማግሌ በተሰበሰበበት፣ አጎቴ እንደገና አባት ቀየሩ።

በደርግ ጊዜ «የባላባቱ ልጅ ነው» ተብለው ሲታሙ፣ መሬት እንዳይነፈጉ ገበሬ ማኅበሩ ፊት ቆመው «አባቴ ከጎንደር የመጣው፣ ሳቅ እንኳ የሚጾመው መጤ ነው» ብለው ማሉ።

ደርግ ሲወድቅ መጤው ተረሳ። «የባላባት ልጅ እኮ ነኝ!» እያሉ ጆሯችንን አደነቆሩት።

ዛሬ ልጃቸውን ሊድሩ ዘር ሲቆጠር፣ ሙሽራው የባላባቱ የልጅ ልጅ ሆኖ አረፈው! ሰባት ቤት ካልሞላ ደግሞ ሠርግ የለም።

«ኧረ ለመሆኑ የማን ልጅ ነዎት?» አሏቸው ሽማግሌው።

አጎቴ እንባ ያቀረረች ልጃቸውን አይተው «የመጤው! ምዬ የለም እንዴ?» አሉ።

ታላቅ እህታቸው በጆሮዬ «ድሮስ የማን ሊሆን ኖሯል? ባላባቱ የእናታችንን ደጅ ረግጦም አያውቅ!» አሉኝ።

ለካ አጎቴ እስከ ዛሬ እውነቱን የተናገሩት ለደርግ ብቻ ነበር።

እስቲ እናንተ ቤትስ፣ ባላባት አያት የሌለው ሰው አለ?