የበሽተኛ ዋጋ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የአያት መንገድ ለባቡሩ ተብሎ ከመገናኛ ጀምሮ በተቆፈረበት ዓመት ነው። ወሩ የካቲት፣ ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ብዙ ዓመት አልፎታል። ግን አንድ ደንበኛ ሱቄ ገብቶ "ቀንሺልኝ" ባለኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ለብቻዬም ያስቀኛል። ትንሽ ያሳፍራል፣ ቢሆንም ልንገራችሁ።

ገርጂ የልጆች ልብስ መሸጫ አለኝ። ዋጋ መከራከር ሥራዬም ሱሴም ነው። ስሸጥ አልቀንስም፣ ስገዛ ደግሞ ካላስቀነስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ደንበኞቼም የማይሉኝ የለም። "አባት የሌላት ልጅ ናት"፣ "እባክሽ፣ ታማ ሆስፒታል ለተኛች ልጅ ነው" ይሉኛል። ታመመች የተባለችው ልጅ ከእናቷ ኋላ ቆማ ማስቲካ ታኝካለች። ስለዚህ ማንንም አላምንም ነበር።

የመጀመሪያ ልጄ ዮናታን ያኔ ሕንድ አገር ይማር ነበር፤ የመጨረሻ ዓመቱ ነው። አንድ ሰኞ ደወለ። "ማሚ፣ እስከ ዓርብ ሁለት ሺህ ዶላሩ ካልገባ ፈተና አትቀመጥም ብለውኛል" አለኝ። ድምፁን ሰምቼ እንዳለቀሰ አወቅኩ።

ብሩ አለኝ። ዕቁብ ወጥቶልኝ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ግን ብር ሕንድ አገር ምን ይሠራል? ባንክ ፎርም ካስገባሁ ወራት አልፈዋል፤ በሄድኩ ቁጥር "ተራዎ አልደረሰም" ነው መልሱ። ጊዜው ሰው ሁሉ ወይ ፎቅ የሚሠራበት ወይ ዕቃ የሚያስመጣበት ነበርና ዶላር የማይፈልግ ሰው አልነበረም። ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ አንድ ሰው አለ ብለውኝ ሄድኩ። የዶላሩን ዋጋ ሲነግረኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ታክሲ ውስጥ ስገባ ደግሞ እንባዬ።

ከሱቄ አጠገብ ፀጉር ቤት ያላት ሰናይት ነች መላ ያመጣችው። አያት አብራት ያደገች ጫልቱ የምትባል ጓደኛ ዱባይ አለቻት። ጫልቱ ለእናቷ የቤታቸውን ጣራ የሚያስቀይሩበት ገንዘብ መላክ ትፈልጋለች። እኔ ብሩን አያት ላሉት እናቷ እሰጣለሁ፤ እናትየው "ተቀብያለሁ" ብለው ሲነግሯት እሷ ዶላሩን ከዱባይ በቀጥታ ለዮናታን ኮሌጅ ትልካለች። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ፤ ሰናይት መሃል ላይ ዋስ ናት። ትክክል ነበር አልልም። ልጄ ከፈተና ሊቀር ነው፣ ምን ላድርግ?

ማክሰኞ ጫልቱ ደወለችልኝ። የጨዋ ልጅ ድምፅ ነው ያላት።

"እትዬ ጥሩወርቅ፣ ገበያው በሚሸጥበት ነው የምሰጥዎት" አለችኝ።

"ኧረ በናትሽ! እኔ እኮ ነጋዴ አይደለሁም" አልኩ። ነጋዴ መሆኔን ረስቼዋለሁ። ለመንኳት፣ መረቅኳት፣ እናቷን እየጠራሁ ተማጸንኳት። ወይ ፍንክች! እልህ ያዘኝ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የሱቄ ደንበኞች የሚሉኝን ቃል በቃል አልኳት።

"ልጄ ታሞብኝ እኮ ነው። ሕንድ አገር ሆስፒታል ተኝቷል።"

"ውይ! ምኑን?"

"ኩላሊቱን" አልኩ። ለምን ኩላሊት እንዳልኩ እግዜር ይወቅ፣ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

መስመሩ ጭጭ አለ። "ሄሎ? ሄሎ?" አልኩ። ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ ነበር። ቆይታ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ "በያንዳንዱ ዶላር አንድ ብር እቀንስልዎታለሁ" አለችኝ።

በሁለት ሺህ ዶላር ሁለት ሺህ ብር! ያኔ ሁለት ሺህ ብር ብር ነበር። ስልኩን ዘግቼ ሱቄ ውስጥ እስክስታ ወረድኩ ብል ማጋነን አይሆንም። በዚያው ዕለት ባተረፍኩት ብር ስመኛት የኖርኩትን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ገዛሁ። የአምስት ዓመት ልጅ የምታክል፣ ዓይኗ ጎላ ጎላ ያለ። መስታወቱ ኋላ አቆምኳትና ሰናይትን ጠርቼ "አየሽ፣ መከራከር የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው" አልኩ። የዋሸሁትን ግን ለሰናይትም አልነገርኳት።

ረቡዕ በጠዋት ጫልቱ መልሳ ደወለች። "እትዬ፣ እማዬ የልጅዎን የክርስትና ስም ጠይቂልኝ ብላኝ ነው።"

"ወልደ ሰንበት" አልኳት ሳላስብ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። የክርስትና ስም ለምን እንደሚጠየቅ የማያውቅ ማን አለ? ለጸሎት ነው። ግን ሱቅ ውስጥ ሰው ገባና ረሳሁት።

ሐሙስ ብሩን በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ወደ አያት ሄድኩ። ታክሲው ቁፋሮውን ለማምለጥ ውስጥ ለውስጥ ሲንገጫገጭ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ስወርድ ዱቄት የተነፋብኝ እመስል ነበር። የጫልቱ እናት የእማማ ጂፋሬ ግቢ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ነው። ድሮ እርሻቸው እስከ ዋናው መንገድ ይደርስ ነበር አሉ፤ አሁን የቀረቻቸው ቤታቸውና ጎመን የተተከለባት ጓሮ ናት።

በሩን ገፋ ሳደርግ ክው አልኩ። ሰባት ስምንት የሚሆኑ ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ሁሉም ብድግ አሉ። አንዷ አቅፋኝ "አይዞሽ እህቴ፣ ለሱ የሚሳነው የለም" አለችኝ።

እማማ ጂፋሬ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ወገባቸውን ይዘው ተነሱ። ቀጠን ያሉ፣ ፊታቸው ብሩህ አሮጊት ናቸው። ሁለት እጄን ይዘው ሳሙኝ።

"አይነሱ እማማ፣ ኧረ በሞቴ!" አልኩ።

"ስግደቱ ነው እንዲህ ያረጋቸው" አለች አቅፋኝ የነበረችው ሴት። አስካለ ነው ስሟ፣ ጎረቤታቸው ናት። "ጉልበታቸው እምቢ እያለ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ወልደ ሰንበትን ማርልኝ እያሉ ነው። ተዉ ብንላቸው ማን ሰምቶን።"

የማላውቃቸው አሮጊት፣ ባዶ ሆዳቸውን፣ ላልታመመ ልጄ እየሰገዱ ነው የሰነበቱት።

በዚህ አላበቃም። አፏ በፕላስተር የታሸገች ትንሽ ጀሪካን ጸበል አመጡልኝ። ሕንድ ድረስ ትሂድ ነው። ቀጥሎ አስካለ አንድ ፖስታ እጄ ላይ አስቀመጠች። "የማኅበራችን ነው። ትንሽ ናት፣ እንዳትንቂያት" አለች። በጣቴ ስዳስሳት የአምስትና የአስር ብር ኖቶች ናቸው፣ አንድ ሁለት ሳንቲምም አለባት።

እማማ ጂፋሬ ጎናቸው አስቀመጡኝ። "የኔም ቶላ በኩላሊት ነው የሄደው" አሉ። "የጫልቱ ታላቅ ነበር። ውጭ አገር ውሰዱት አሉን። በምን ልውሰደው? አንቺ እንኳን ደረስሽለት። ጫልቱም የዚያን ቀን ስታለቅስ ነው ያደረችው።"

ያን የስልክ ዝምታ አሁን ገባኝ። ኔትወርክ አልነበረም።

ዝም ብዬ ብሩን ሰጥቼ መውጣት እችል ነበር። እውነቱን ከተናገርኩ ተቆጥተው ለጫልቱ አይደውሉም፣ ነገ ዓርብ ነው፣ የዮናታን የአራት ዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ግን ያቺ ፖስታ እጄን አቃጠለችኝ።

"እማማ" አልኩ፣ "ልጄ አልታመመም። ዋሽቼ ነው። ለትምህርት ቤት የሚከፈል ነው። ዋጋ ላስቀንስ ብዬ ነው።"

ከውጭ የዶሮ ድምፅ ይሰማል።

"ምን አልሽ?" አለች አስካለ። "በወለድሽው ልጅ ታሟርቻለሽ? እኚህን አሮጊት መሬት ላይ ስትደፊ ትንሽ አታፍሪም?" ሌሎቹም ማጉረምረም ጀመሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እማማ ጂፋሬ እጃቸውን አነሱ። "ቆዩ፣ ቆዩ እስቲ። ልጁ አልታመመም?"

"አልታመመም።"

"ኩላሊቱ?"

"ደህና ነው እማማ።"

"ይበላል?"

"ኧረ ይበላል! ሩዙ ሰለቸኝ እያለ ሁለት ሳህን ነው የሚጨርሰው።"

አሮጊቷ ያን የታመመ ጉልበታቸውን ረስተው ብድግ አሉ። ጭንቅላታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው "እልልልልል!" አሉ። "ጤነኛ ነው! ተመስገን! ተመስገን የኔ ጌታ!"

ሴቶቹ ተያዩ። መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ከዚያ አንዷ ተከተለች፣ ሁለተኛዋም፣ በመጨረሻ አስካለም እየተቆጣች እልል አለች። ዋሽቼ እልል የተባለልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ፊቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እማማ ጂፋሬ ተቀመጡና እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ።

"በይ እንግዲህ። ያኛው የበሽተኛ ዋጋ ነበር። የጤነኛውን አምጪ።"

"እማማ፣ ሁለት ሺውን አጥፍቼዋለሁ።"

"በምን?"

"አሻንጉሊት ገዛሁበት።"

"ይቺን የሚያክል ሴትዮ አሻንጉሊት?" አለች አስካለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እስከዛሬ ድረስ ያን ሳቅ እሰማዋለሁ።

"ቅዳሜ አመጣለሁ፣ ልጄን ይንሳኝ" ልል አፌን ስከፍት እማማ ቀደሙኝ። "በልጅሽ እንዳትምይ! በቃሽ፣ እሱን ተይው። አምኜሻለሁ።"

ፌስታሉን ተቀበሉ፤ አስካለ ብሩን ቆጠረች። እማማ ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡና ለጫልቱ ደወሉ። "ጫልቱ! ፈዬራ!" አሉ። ኦሮምኛ ብዙ ባልችልም ይቺን ቃል አውቃታለሁ፤ ድኗል ማለት ነው። ከዚያ እኔ እንድሰማ በአማርኛ፣ "ተቀብያለሁ፣ ዛሬውኑ ላኪ" አሏት። ስለ ውሸቴ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ስልኩን ዘግተው "ሌላውን አንቺው ትነግሪያታለሽ። እኔ የሰው ኃጢአት በስልክ አላወራም" አሉኝ።

ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ። "ወዴት? የጉልበቴስ ካሳ? የሰገድኩትን ያህል ሰግደሽ ትሄጃለሽ። ለቶላዬ ይሁን። የክርስትና ስሙ ገብረ ሚካኤል ነው።"

"ስንት ነው እማማ?"

"ትናንት አርባ አንድ፣ ዛሬ አርባ አንድ።"

ልማድ ክፉ ነው፣ ከአፌ አመለጠኝ። "አርባ አንዱ አይበቃም?"

"ኤዲያ! እዚህም ትከራከራለች!" አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። "አንድም አልቀንስም!"

ሰማንያ ሁለቱንም ሰገድኩ። አስካለ ቆማ ትቆጥርልኝ ነበር፤ ሃምሳን ስናልፍ እሷም ወርዳ አብራኝ መስገድ ጀመረች። ስጨርስ በሶ በጥብጠው አጠጡኝ። ፖስታዋን መለስኩ፣ ጸበሏን ግን "ለጤነኛም ይሆናል" ብለው አስያዙኝ።

ዓርብ ማታ ዮናታን "ማሚ፣ ገብቷል!" ብሎ ደወለ። ቅዳሜ ሁለት ሺውን ተበድሬ አያት ተመለስኩ። እዚያው እማማ ፊት ለጫልቱ እውነቱን ነገርኳት። መስመሩ እንደገና ጭጭ አለ። አሁን "ሄሎ" አላልኩም። ጠበቅኳት። "እትዬ፣ እንኳንም ውሸት ሆነ" አለችኝ በመጨረሻ።

ዮናታን ተመርቆ ሲመጣ ዕቃውን እንኳ ሳይፈታ ይዤው ሄድኩ። አዲሱ ቆርቆሮ ጣራ ከሩቅ ያብለጨልጫል። እማማ ጂፋሬ "በሽተኛዬ መጣ!" ብለው ወጡ። አገላብጠው ከሳሙት በኋላ አዙረው ጎኑን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ግራውንም ቀኙንም። ልጄ ግራ ገብቶት አየኝ። ታሪኩን የነገርኩት ስንመለስ ነው።

አሻንጉሊቷ አሁንም ሱቄ ውስጥ ቆማለች፤ አፍንጫዋ ተሸርፏል። ደንበኛ መጥቶ "ለታመመ ልጅ ነው" ሲለኝ እንደ ድሮው አላሾፍም። "የክርስትና ስሙ ማነው?" እላለሁ። የዋሸው አብዛኛውን ጊዜ ስቆ ሙሉውን ይከፍላል። ስሙን የነገረኝን ሳልከራከር እቀንስለታለሁ፣ ማታም ስሙን አነሳለሁ። ገብረ ሚካኤልንም አብሬ አነሳለሁ።

እማማ ጂፋሬ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። በደወልኩ ቁጥር ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው።

"በሽተኛዬስ?"

"ፈዬራ እማማ" እላቸዋለሁ።

እልልታቸውን ሳልሰማ ስልኩን ዘግቼ አላውቅም።