የአባቴ ጉልበትና የክኒኑ ሠንጠረዥ

ክኒኑ ቤታችን የገባ ዕለት በግቢው የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥቀስ። ስም አልጽፍም፤ የነበሩት ራሳቸውን ያውቃሉ። አባቴ፣ የዜማ መምህር፣ ደጃፉ ላይ ከአግዳሚው ተቀምጠዋል። እናቴ ኑግ ትለቅማለች። ታላቅ እኅቴ ከዓባይ ማዶ ልትጠይቀን መጥታለች። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ እሳቸውም መሪጌታ፣ መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ከአባቴ ጎን አሉ። ጎረቤታችን የፋብሪካ መካኒክ፣ እኔ «ጋሼ» የምላቸው፣ ብስክሌታቸውን ሊያሠሩ መጥተው ቆመዋል። ስድስተኛው እኔ ነኝ። ብስክሌት ጠጋኝ ነበርሁ፤ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ የተማርሁትን ሁሉ የተማርሁት ከተውሶ መጽሐፍ ነው።

የአባቴ ጉልበት ይጮኻል። ሲነሡ መጀመሪያ «ቋ» ይላል፤ ከዚያ ግራሶ እንዳለቀበት የብስክሌት ኩሽኔታ እየተንኳኳ ይቀጥላል። ቀኙ ከግራው ይብሳል። በክረምት ያብጥና ጠዋት ጠዋት እስኪፍታታ ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ከአልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ማኅሌት ግን የሚቆመው በእግር ነው።

«ያንተ ጉልበት ከከበሮው ቀድሞ ይገባል፤ እሱንም ዜማ አስተምረው እንጂ» ይሏቸዋል ጓደኛቸው።

«ያንተ ድምፅ ከሚገባ የኔ ጉልበት ቢገባ ይሻላል» ይመልሳሉ አባቴ።

ወደ ሕክምና የወሰዳቸው የቀበሌ ስብሰባ ነው። ለአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ተነሡ ተባልን። አባቴ ዘግይተው ተነሡ። ሰው ሁሉ ጸጥ ካለ በኋላ ጉልበታቸው ጮኸ፤ ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። እናቴ ክንዴን ጨመቀችው። በዚያ ዘመን በኅሊና ጸሎት ላይ መሳቅም ማሳቅም ሊያሳስር ይችል ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ ሊቀመንበሩ አባቴን አስጠሩ።

«ያ ድምፅ የእርስዎ ነው፣ አባት?»

«የጉልበቴ ነው።»

«ታዲያ አይታከሙም?» አሉና በነጻ እንዲታከሙ ደብዳቤ ጽፈው ማኅተም መቱበት።

ሐኪሙ «የመገጣጠሚያ ብግነት ነው» ብሎ አስፕሪን አዘዘ። የወረቀት ፖስታው ላይ በእጅ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ ሁለት ሁለት፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ። ክኒኑን ክዳን ባለው ጠርሙስ ገለበጥሁት። ፖስታውን እንዳይረጥብ ከዕቃ ሣጥኔ አኖርሁት። ከዚያ በማስመሪያ ሠንጠረዥ አሰመርሁና ከአባቴ ራስጌ በምስማር መታሁት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የክኒን ብዛት። ሰዓቱ ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ቀን ስምንት፣ ማታ ሁለት ነው። የምግብ ዓምድ አልነበረውም።

ይህ የሆነው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ፍልሰታ ገባ። አባቴ በጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ቅዳሴ ወጥቶ ሲመለሱ ዘጠኝ ሰዓት ያልፋል፤ እህል የሚቀምሱት ያኔ ነው። ሠንጠረዡን አልለወጥሁትም፤ አላሰብሁትም። ከሥራ ስገባ ጠርሙሱን እቆጥራለሁ። በየቀኑ ልክ ስድስት ይጎድላል። አንድ ቀን እንኳ አምስት ወይም ሰባት ሆኖ አላገኘሁትም። እብጠቱም ቀነሰ። «ሠራ» አልሁ ለራሴ፤ ደስ አለኝ።

ጾሙ በገባ በዐሥራ አንደኛው ቀን ዝናብ ስለነበር ቀደም ብዬ ገባሁ። ከመካኒኩ በቀር ሌሎቹ ሁሉ ነበሩ። አባቴ ከጓደኛቸው ጋር ከቅዳሴ ተመልሰው ጓዳ ገብተው ወጡና ተቀመጡ። እናቴ ምሳ ልታቀርብ ስትነሣ አባቴ ጎንበስ ብለው አስመለሳቸው። ጥቁር ነው፤ እንደ ቡና አተላ ደቃቅ ፍርፋሪ አለው።

«ኑጉ ነው» አለች እናቴ። «ትናንትም ከብዷቸው ነበር።»

«እኔም ብዬሃለሁ፤ ኑግ አታብዛ» አሉ ጓደኛቸው። «ሆድህም እንደ ጉልበትህ ሊጮኽ ነው?»

እኔ መሬቱን አያለሁ። «እማዬ፣ ዛሬ ኑግ በልተዋል?»

«የት ይበላሉ? አሁን መግባታቸው አይደል?»

የጓደኛቸው ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። አባቴ ቀስ ብለው «ሰገራዬም ሦስት ቀን ጠቁሯል፤ የኑጉ መስሎኝ» አሉ፤ እንደገናም አስመለሳቸው። ይኸኛው ቀይ ነበር።

እኅቴ ጮኸች። መካኒኩ ጩኸቱን ሰምተው አጥሩን ዘለሉና ጋሪ ሊጠሩ በዝናብ ሮጡ። ሐኪም ቤት የተቀበለን የጤና መኮንን የጠየቀን መጀመሪያ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ነው። እኔ ሰዓቱን በቃሌ ነገርሁት።

«ከምግብ በኋላ ነው የሚወስዱት?»

አባቴ ከአልጋው ላይ መለሱ። «ጾም ነው፤ ጠዋት አይቻል፣ ቀን አይቻል። ከቅዳሴ ስመለስ ስድስቱን ባንዴ በጸበል እወስዳለሁ።»

«ስድስቱን? ባንዴ? በባዶ ሆድ?»

«ጸበል በባዶ ሆድ ነው እንጂ። ከላዩም ቶሎ አይበላም፤ ትንሽ እቆያለሁ።» ትንፋሽ ወሰዱና በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «እሱ ማታ ይቆጥራል። እንዳይጎድልበት ብዬ ነው።»

መኮንኑ ጨጓራቸው ቆስሎ እየደማ መሆኑን ነገረን። ደም ያስፈልጋል ተባለ። የእኔ አልገጠመም፤ የመካኒኩ ገጠመ። ዘጠኝ ቀን ተኝተው ወጡ። አስፕሪን ዳግመኛ እንዳይቀምሱ ተከለከሉ። አሁን ጉልበታቸውን እናቴ በጨርቅ በቋጠረችው ትኩስ ጨው ትተኩሳቸዋለች፤ በጠዋትና በማታ እግራቸውን እያጠፉ ይዘረጋሉ። ማኅሌት ላይ ደክሟቸው ሲቀመጡ ማንም አይቀልድባቸውም።

እኔን የያዘኝ ግን ያ ክኒኑ የገባበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ፖስታውን ይዤ በግቢው ለነበሩት ሁሉ ጮክ ብዬ ማንበቤን አውቃለሁ። ሁለት ሁለት ማለቴን፣ ሦስት ጊዜ ማለቴን አውቃለሁ። «ከምግብ በኋላ» ማለቴን አላውቅም። አባቴ «ብለኸኛል፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ይላሉ፤ እሳቸው ግን እኔን ለማዳን ሲሉ ይህን ማለታቸው አይቀርም። እኅቴ ቁጥሩን ብቻ እንዳነበብሁ ትናገራለች። እናቴ ኑጉን እየለቀመች ስለነበር አልሰማችም። መሪጌታውን በግንባር ለመጠየቅ አፍራለሁ። ጋሼ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረዋል።

መሪጌታ ሆይ፣ ጋሼ፣ ይህ ጽሑፍ ከእጃችሁ ቢገባ፣ እዚያ ነበራችሁና የሰማችሁትን ጻፉልኝ። ፖስታውን ሳነብ የት ላይ አቆምሁ? መልሱ የሚያስከፋኝ ቢሆንም እንኳ አትተዉት።